የጋልቲዬ በጎች፦ ስለ እብድ ውሻ ክትባት ለተጠየቀ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ የእንስሳት ሕክምና 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ፒየር ቪክቶር ጋልቲዬ ገለጻ እንዳቀርብ ደርሶኛል። አንድ ቪዲዮ ላይ ‹የእብድ ውሻ ክትባትን የፈለሰፈው ጋልቲዬ ነው፤ ፓስተር ሰረቀበት፤ ጋልቲዬ የእንስሳት ሐኪም ስለሆነ ሰው እንዳያክም ተከልክሎ ነው› ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ሌላው ደግሞ፣ በጎች ደም ሥር ውስጥ የእብድ ውሻ ምራቅ እየወጋ ካዳናቸው፣ እኛ አገር ክትባት በማይደርስበት ገጠር ይህ ዘዴ ለምን አይሠራበትም?»

ጋልቲዬ የሰው ክትባት አልሠራም። የእብድ ውሻ ክትባትን በመሥራት የሚታወቀው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ፓስተር ደግሞ ከባዶ አልተነሳም። «ተከልክሎ ነው» የሚለው መሠረት የለውም። ስለ በጎቹ የጠየቅሽው ግን አስደንግጦኛል። ደም ሥር ውስጥ ምራቅ መውጋት የሚባለውን ነገር ማንም እንዳይሞክረው። ምክንያቱን ወደ ታች በደንብ አብራራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሰውየውን እንይ። ጋልቲዬ በ1846 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሎዜር በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ላንጎኝ ከተማ ተወለደ። የተማረው ሊዮን ነው። የሊዮን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1761 የተመሠረተ፣ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ጋልቲዬ በኋላ እዚያው ፕሮፌሰር ሆነ። ያስተማረው የተላላፊ በሽታዎችን ትምህርት ብቻ አልነበረም። የእንስሳት ጤና ቁጥጥር ደንብና የከብት ንግድ ሕግም የእሱ ነበሩ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ይህን ትምህርት የሚያስተምር ሰው ዘወትር የሚጠየቀው ምንድን ነው? «ላሜን እብድ ውሻ ነክሷታል። ልረዳት? ልሽጣት? ወተቷስ? የገዛኝ ሰው ቢከሰኝስ?» ነው። በ1880 ስለ ቤት እንስሳት ተላላፊ በሽታዎችና ስለ ቁጥጥራቸው ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው በዚህ ዓይነት ጥያቄ መሃል ለሚቆሙ የእንስሳት ሐኪሞች ነው።

ስለዚህ የጋልቲዬ ጥያቄ የከብት ሐኪም ጥያቄ ነበር። ቪዲዮው ይህን ስለሳተ ሰውየውን «ያልተሳካለት ፓስተር» አድርጎ አቀረበው። ይህ እሱን ማክበር አይደለም። ጋልቲዬ የራሱ ጥያቄ ነበረው፤ ለራሱ ጥያቄም መልስ አግኝቷል።

አሁን ወደ ጥንቸሎቹ እንሂድ። ከጋልቲዬ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ እንደሚተላለፍ ይታወቅ ነበር። ጺንኬ የሚባል ጀርመናዊ ይህን በሙከራ ያሳየው በ1804 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ምርምሩ ብዙ አልተራመደም። ለምን? እስቲ ቤተ ሙከራው ውስጥ ራስሽን አስቀምጪ። ያለሽ መንገድ አንድ ነው፦ ጤነኛ ውሻ ይዘሽ በታመመ ውሻ ማስነከስ ወይም ምራቁን መውጋት። ከዚያ ትጠብቂያለሽ። ሳምንት? ወር? ሦስት ወር? አይታወቅም። አንዳንዱ ጭራሽ አይታመምም። የታመመው ደግሞ ይናከሳል። ያንን ውሻ የሚመግበው፣ የሚያስረው፣ ምራቁን የሚወስደው ሰው በየቀኑ ከሞት ጋር ይጫወታል። ያኔ የሚያድን መርፌ የለም።

ጋልቲዬ ኦገስት 25 ቀን 1879 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በቀረበው ጽሑፉ ይህን ማነቆ ፈታው። የውሻው በሽታ ወደ ጥንቸል ይተላለፋል አለ። ከጥንቸል ወደ ጥንቸልም ይሄዳል። ጥንቸሉ በአብዛኛው ሽባ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ እንደ ውሻ እየዞረ አይናከስም። ምልክቱም ቶሎ ይመጣል፤ በአማካይ በ18 ቀን። ከዚያ በጥቂት ሰዓታት፣ ቢበዛ በ4 ቀን ውስጥ ይሞታል። በአንድ ጊዜ ርካሽ፣ ትንሽ፣ የማያሰጋና ቶሎ መልስ የሚሰጥ እንስሳ ተገኘ። ስለዚህ ሥራ ሲወራ ብዙ ጊዜ በጎቹ ይጠቀሳሉ። እኔ ግን ትልቁ ሥራው ጥንቸሉ ነው እላለሁ። ፓስተርና ባልደረቦቹ በኋላ መርዙን፣ ማለትም በሽታ አምጪውን፣ ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እያሻገሩ፣ በሽታው ተደብቆ የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 7 ቀን አውርደው አጸኑት። ክትባቱ የተሠራው ከዚያ ጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ነው። ጥንቸሉ ባይኖር ያ መንገድ ሁሉ አይታሰብም።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ለገለጻሽ አትተያቸው። አንደኛው ሐሳብ ነው። ጋልቲዬ የሞቱ እንስሳትን ከፍቶ ሲመረምር፣ በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ አንጎልን ስለሚያበላሽ የሚድን እንዳልሆነ ገባው። ስለዚህ መድኃኒት ከመፈለግ መከላከያ መፈለግ ይሻላል አለ። በተለይም ከተነከሱ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንኳ ቢሰጥ የሚሠራ መከላከያ ቢገኝ፣ መድኃኒት እንደተገኘ ያህል ይቆጠራል ብሎ ጻፈ። ዛሬ ውሻ የነከሰው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚሰጠው ሕክምና መሠረቱ ይህ ነው። በሽታው ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ስለሆነ፣ ከንክሻው በኋላም ቢሆን መቅደም ይቻላል። ፓስተር የመጀመሪያውን ሰው ከመከተቡ 6 ዓመት በፊት አንድ የሊዮን የእንስሳት ሐኪም ይህን በጽሑፍ አስቀምጦታል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የእብድ ውሻ ምራቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ከ24 ሰዓት በኋላም በሽታ አስተላልፎ አገኘው። ስለዚህ ያበደ ውሻ ለሃጩን የጣለበት የውሃ ገበታ ቢያንስ ለአንድ ቀን አደገኛ ነው አለ። የሞተው ውሻ ሬሳ ስለቀዘቀዘ ምራቁ አደጋው አይጠፋም፤ ሬሳ ሲከፈት አፍና ጉሮሮ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ ብሎም ጨመረ። ይህ ለአንቺና ለክፍል ጓደኞችሽ በቀጥታ የተጻፈ ምክር ነው።

ወደ በጎቹ እንምጣ። ኦገስት 1 ቀን 1881 ሌላ ጽሑፉ ለአካዳሚው ቀረበ። የእብድ ውሻ ምራቅ 7 ጊዜ በበግ የአንገት ደም ሥር ውስጥ ወጋሁ፤ አንድም ጊዜ በሽታው አልያዛቸውም፤ እንዲያውም የመከላከል አቅም ያገኙ ይመስላል አለ። «ይመስላል» የሚለውን ቃል አስምሪበት። ሙከራው ትንሽ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው። ያው ምራቅ ሥጋ ወይም ቆዳ ውስጥ ቢገባ ይገድላል። ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ግን አልገደለም፤ ጭራሽ ጠበቀ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ያኔ ማንም ማብራራት አይችልም ነበር። ቫይረስ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። የበሽታው ምክንያት ረቂቅ ማጣሪያን የሚያልፍ ነገር መሆኑ የተረጋገጠው በ1903 ነው። ዛሬ ግን ምክንያቱን መናገር እንችላለን። ይህ ቫይረስ የነርቭ መንገደኛ ነው። በንክሻ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የነርቭ ጫፍ ያገኛል፤ በነርቩ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። እዚያ መንገድ ላይ እያለ የሰውነት መከላከያ ብዙም አያየውም። ደም ውስጥ በቀጥታ ሲገባ ደግሞ ከመከላከያ ሕዋሳቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። የነርቭ ጫፍ የማግኘት ዕድሉም ይቀንሳል። በጉ ቫይረሱን ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ያውቀዋል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራበትም? አንደኛ፣ በበግ የሆነው በሌላ እንስሳ አይሆንም። ፓስተርና ባልደረቦቹ ይህንኑ በውሻ ደም ሥር ሲሞክሩት ውሾቹ አበዱ። በበግ ያመለጠ በውሻ ገደለ። በሰው ላይ ምን እንደሚሆን የሚነግረን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ሁለተኛ፣ ምራቅ መድኃኒት አይደለም። አንዱ ጠብታ በቫይረስ የሞላ ነው፣ ሌላው ምንም የለውም። መጠኑ አይታወቅም። የውሻ አፍ ውስጥ ያለ ሌላ ባክቴሪያ ሁሉ አብሮ ደም ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ የሚወጋው ሕያው ቫይረስ ነው። መርፌው ከደም ሥሩ ትንሽ ስቶ ሥጋው ውስጥ ቢፈስ፣ በገዛ እጅሽ በሽታውን ሰጠሽው ማለት ነው። ያውም በግ ይወራጫል። አራተኛ፣ ያንን ምራቅ ማን ይሰበስበዋል? ካበደ ውሻ አፍ? ክትባት በማይደርስበት ገጠር? አደጋው ከበጉ በፊት ሰውየውን ያገኘዋል። ዛሬ ለውሻም ለከብትም የሚሆን የሞተ ቫይረስ ክትባት እያለ ወደዚያ የምንመለስበት አንድም ምክንያት የለም።

ጋልቲዬ የተሳሳተበትም ነገር አለ። ስለ እሱ ስታወሪ ይህን አትዝለይ። በሽታው አንጎልን እንደሚጎዳ ቢያውቅም፣ ከነርቭ ሥጋ ወስዶ በሌላ እንስሳ ላይ ሲሞክር በሽታውን ማስተላለፍ አልቻለም። ስለዚህ መርዙ ያለው በምራቅና በአፍ አካባቢ ነው ብሎ ያዘ። ፓስተርን ያስቀደመው ይህ ነው። ፓስተር፣ ሻምበርላን፣ ሩ እና ቱዊዬ ሜይ 1881 ላይ መርዙ አንጎል ውስጥ በብዛትና በንጹሕ ሁኔታ እንዳለ አሳዩ። ኤሚል ሩ የራስ ቅሉን በስቶ፣ የታመመ አንጎል ጭማቂ በቀጥታ የጤነኛ እንስሳ አንጎል ላይ ማኖር ጀመረ። እንዲህ የተወጋ እንስሳ ሁሉ ይታመማል፤ ያውም ቶሎ። ምራቅ የሚባለው ቆሻሻና ተለዋዋጭ ነገር ከጨዋታው ወጣ። በዚያ ጽሑፍ ላይ ጋልቲዬ በስሙ ተጠቅሷል። የተጠቀሰው ግን ያልተሳካለት ሙከራ ላይ ነው፤ በነርቭ ሥጋ ምንም አላገኘም ተብሎ። ጥንቸሉን ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው በዚህ መታወሱ ያሳዝነኛል። ግን መጥቀስ ነው፣ መስረቅ አይደለም።

«ሰረቀ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ሁለት ታሪክ ተቀላቅሎ ይመስለኛል። ሌላ የእንስሳት ሕክምና ፕሮፌሰር አለ፦ ሄንሪ ቱሴን፣ የቱሉዝ። ቱሴን በ1880 ለአባ ሰንጋ ክትባት ሠርቷል፤ ባክቴሪያውን በሙቀትና በኬሚካል እያደከመ። በሚቀጥለው ዓመት ፓስተር ፑዬ ለ ፎር በምትባል መንደር ሕዝብ ሰብስቦ በጎችን ከትቦ ስሙን ተከለ። ያኔ የተጠቀመበት ክትባት እሱ ለሰው እንደነገረው በአየር የደከመ ሳይሆን፣ ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው ነበር። መንገዱ ለቱሴን መንገድ የቀረበ ነው። ይህ የታወቀው የፓስተር የግል ማስታወሻዎች ከብዙ ዘመን በኋላ ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ ነው። በቱሴን ጉዳይ ፓስተርን አጥብቆ መውቀስ ይቻላል፤ እኔም እወቅሰዋለሁ። በጋልቲዬ ጉዳይ ግን የፓስተር ክትባት የጋልቲዬ ዘዴ አይደለም። አንዱ ምራቅ በደም ሥር ነው። ሌላው የደረቀ የጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ከቆዳ ሥር ነው። ገለጻሽ ላይ ሁለቱን ፕሮፌሰሮች አንድ አታድርጊያቸው።

«የእንስሳት ሐኪም ስለሆነ ተከልክሎ ነው» የሚለውም አይሠራም። ፓስተርስ ሐኪም ነበር እንዴ? ኬሚስት ነው። ጁላይ 6 ቀን 1885 የ9 ዓመቱ ጆሴፍ ማይስተር ከአልዛስ እናቱ ይዛው ስትመጣ፣ ፓስተር በሕግ መርፌ መያዝ አይችልም ነበር። የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው፤ ፓስተር አጠገቡ ቆሞ ያያል። ልጁ ውሻ ከነከሰው 2 ቀን ሆኖታል። በ10 ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወጋ። መጀመሪያ ለ2 ሳምንት ያህል ደርቆ በደከመው ሕብለ ሰረሰር፣ ከዚያ እያደር ትኩስ በሆነው። ዳነ። ስለዚህ ጋልቲዬን ያስቆመው የሙያ ፈቃድ አይደለም። እጁ ላይ ለሰው የሚሆን ነገር አልነበረም፤ ነገሩ ይህ ነው።

ለምን አልደረሰበትም ካልሽኝ፣ ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። ፓስተር ፓሪስ ውስጥ ነበር፤ የመንግሥት ድጋፍ፣ ቤተ ሙከራ፣ እንደ ሩ ያለ የተካነ እጅ ነበረው። ከአባ ሰንጋውና ከዶሮ ኮሌራው ሥራ ያመጣው «በሽታ አምጪውን አድክመህ ክትባት አድርገው» የሚል ሐሳብም ነበረው። ጋልቲዬ ግን በቀን ተማሪ የሚያስተምር የአውራጃ ከተማ ፕሮፌሰር ነው። በዚያ ላይ የነርቭ ሥጋውን መንገድ ዘግቶ ነበር። ምራቅን ማድከም፣ መመጠን፣ ማጥራት አይቻልም። ምራቅ ላይ ተቀምጦ የሰው ክትባት አይገኝም።

የበጎቹ ነገር ግን ተረስቶ አልቀረም። በ1888 ኖካር እና ሩ ሙከራውን ደግመው በግና ፍየል ላይ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። ኖካር የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ነው። ሩ ደግሞ የፓስተር ቀኝ እጅ። እንግዲህ የፓስተር የገዛ ቤት ሰዎች ናቸው ጋልቲዬ ልክ ነበር ብለው የጻፉት። የሊዮኑ ፕሮፌሰር የጠየቀው ጥያቄ፣ የተነከሰ መንጋ ይድናል ወይ የሚለው፣ በዘመኑ መልስ አገኘ። እሱም ማስተማሩን ቀጥሎ በ1908 ሊዮን ውስጥ አረፈ።

አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጉለሌ ያለውን ሰፈር ነው። ታክሲ ይጠራበታል። ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ግቢ። ታላላቆችሽን ጠይቂ፤ ውሻ ነክሷቸው እዚያ ሄደው ለተከታታይ ቀናት ሆዳቸው ላይ የተወጉ አይጠፉም። ያ አገር ውስጥ ይሠራ የነበረው መርፌ የሚዘጋጀው ከበግ አንጎል ነበር። የጋልቲዬ በግና የፓስተር አንጎል በአንድ ብልቃጥ። ዛሬ በሕዋስ ላይ የሚመረተው ክትባት ተተክቷል፤ ክንድ ላይ ይወጋል፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው፣ ደኅንነቱም እጅግ የተሻለ ነው።

ስለ ገጠሩ ስላነሳሽ አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ገበሬ ላሜ ታንቃለች ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ላሟ በረት ጥግ ቆማለች። ድምፅዋ ሻክሮ ትጮኻለች። ለሃጯ እንደ ክር ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል። መኖ አፏ ውስጥ አለ፤ አትውጠውም። ሰውየው እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ነበር። ክንዱ እርጥብ ነው። «ድንች ሰንጓት ይሆናል ብዬ እስከ ጉሮሮዋ ገባሁ፤ ምንም የለም» አለኝ። ጣቶቹን አየሁ። ከጥርሷ የተረፈ ጭረት አለ፣ የቆየ የእሾህ ቁስልም አለ። «ውሻ ገብቶ ነበር?» አልኩት። ሚስቱ መለሰች፤ ከወር በፊት አንድ የማይታወቅ ውሻ በረቱን አቋርጦ አልፏል። ላሟ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሰውየው መጀመሪያ ጠበል ልሂድ አለኝ። ጠበሉን አልከለከልኩትም። ግን ዛሬውኑ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ነገ ጠዋት መርፌውን ጀምር፣ ከዚያ ጠበልህን አልኩት። ከእሱ ጋር አፏን የከፈተ ልጁም ሄደ። ሁለቱም ዛሬ ደህና ናቸው።

እንግዲህ ጋልቲዬ በ1879 ያስጠነቀቀው ምራቅ ይህ ነው። ላም፣ አህያ፣ በግ ሲያብዱ እንደ ውሻ እየዞሩ ላይናከሱ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የታነቁ ይመስላሉ። የሰው እጅ ወደ አፋቸው የሚገባው ለዚህ ነው። ሲታነቅ ያየሽውን እንስሳ ሁሉ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ፣ እንዳበደ ቁጠሪው። ባዶ እጅ አፍ ውስጥ አይገባም። እንዲህ የሞተ እንስሳ ይቀበራል እንጂ ሥጋው አይበላም፣ ለውሻም አይጣልም።

ክትባት በማይደርስበት ቦታ ምን ይደረግ ላልሽው፣ መልሱ የጋልቲዬ መርፌ ሳይሆን ሦስት የታወቁ ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ። ይህ ቀላል ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ቫይረሱ ነርቭ ሳይዝ የሚጠፋበት ጊዜ ያ ነው። ቁስሉን በቅጠል መጠቅጠቅ፣ በእሳት መተኮስ ወይም ቶሎ መስፋት አይገባም። ቀጥሎ ክትባቱ ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ፤ ሩቅ ቢሆንም፣ ቀን ቢያልፍም። ጥልቅ ንክሻ ከሆነ፣ በተለይ ፊትና እጅ ላይ፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ዝግጁ የመከላከያ መርፌም ያስፈልጋል፤ እሱ በየቦታው ስለማይገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ምልክቱ ከጀመረ ግን፣ ውሃ መፍራቱ ከመጣ፣ ሕክምናው አያድንም። ጋልቲዬ ያኔ የጻፈው ዛሬም አልተለወጠም። ሦስተኛው የሁሉም መሠረት ነው፦ ውሾችን መከተብ። በዓለም በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ያ ሥራ የሐኪም ሳይሆን የእኛ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ነው።

ገለጻሽን እንዲህ አድርጊው። ርዕሱን «ክትባቱን የፈለሰፈው ማን ነው?» አትበይው፤ ያ ጥያቄ ወደ ጭቅጭቅ ይወስድሻል። «ጋልቲዬ ምን ጠየቀ፣ ምን አገኘ?» በይው። ከ1879 ጀምሪ፤ ጥንቸሉን አስረጂ፣ ጊዜሽን እዚያ ላይ አውጪ። ከዚያ ከንክሻ በኋላ መቅደም ይቻላል ያለውን አምጪ። በጎቹን በ1881 አስገቢ፤ 7 ጊዜ ብቻ እንደሆነ ተናገሪ። የነርቭ ሥጋውን ስህተት ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ የፓስተር ቤት እንዴት እንዳለፈው የሚገባቸው በእሱ ነው። 1888ን አትርሺ። ቱሴንን ካነሳሽ በሌላ ገጽ አንሺው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ራስሽ ነው። 3ኛ ዓመት ላይ ነሽ፤ ክሊኒክ ልትገቢ ነው። ከመግባትሽ በፊት የቅድመ መከላከያ ክትባቱን ተከተቢ፤ ሁለት ጊዜ ነው፣ ዛሬና ከ7 ቀን በኋላ። የተከተበ ሰው ድንገት ቢነከስ ቁስሉን አጥቦ ሁለት ተጨማሪ መርፌ በ3 ቀን ልዩነት ይወስዳል፤ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው መርፌ አያስፈልገውም። ትምህርት ክፍላችሁ ያመቻች እንደሆነ ነገ ጠዋት ጠይቂ። የማያመቻች ከሆነ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እስከዚያ ድረስ የሬሳ ምርመራ ላይ አፍ የምትከፍቺው አንቺ አትሁኚ።